የስፍርና የሚዛን ነገር በአርሲ ደጋ

በአማርኛ ቋንቋ መሬትና ሸማ ይለካል፤ እህልና ዱቄት ይሰፈራል፤ ወርቅና ቅቤ ይመዘናል። አባቶች እነዚህን ሦስት ሥራዎች በሦስት ግሥ ለይተው መናገራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። መስፈሪያ የሚያስታውቀው ነገሩ የሚይዘውን ስፍራ ብቻ ነው፤ ሚዛን ግን የሚያስታውቀው የነገሩን ክብደት ነው። ስፍራና ክብደትም በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው ቢገኙ እንኳ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ለካህናት ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ስለ ንግድ ቅንነት ሲያዝ፥ ሚዛኑንና የሚዛኑን ድንጋይ ለብቻ፥ የእህሉን መስፈሪያ ኢፍንና የፈሳሹን መስፈሪያ ኢንን ደግሞ ለብቻ ለይቶ ይጠራልና።

ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ በወጥ ቤትም በግምጃ ቤትም ሁለቱ እየተደባለቁ ብዙ ስሕተት ይደርሳል። ነጋዴው እህሉን በኩንታል ይገዛል፤ ባለወፍጮው የድካሙን ዋጋ በኪሎ ቈጥሮ ይቀበላል፤ እመቤቲቱ ግን ከጎተራዋ የምታወጣው በጣሳ፥ ወደ ድስቷ የምትጨምረውም በኩባያና በእፍኝ ነው። እንደዚሁም የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ግምጃ ቤት ቀለቡን በኩንታል ገቢ አድርጎ በጣሳ ወጪ ያደርጋል። ከኪሎው ወደ ጣሳው የሚያሻግረው ሂሳብ ሳይታወቅ ሲቀር፥ የሚጐዳው አንድም በላተኛው ነው፤ አንድም መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።

ይህን ነገር ለመረዳት ከአሰላ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎሜትር ያህል ርቃ፥ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርስዋ በስተደቡብ ወደ በቆጂ ሲወጣ አገሩ የገብስ አገር ነው፤ በስተሰሜን ወደ ኢተያ ሲኬድ ስንዴው ይበዛል፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲቀረብ ጤፍና በቆሎ ይገኛል። ስለዚህ በአሰላ የአንድ ቤት ጣሳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስትና አራት ዓይነት እህል ሊሰፍርበት ይችላል። ጣሳው ያው አንድ ጣሳ ሲሆን፥ የሚወጣው ክብደት ግን እንደ እህሉ ዓይነት ይለዋወጣል።

ለምሳሌ ጣሳው ልክ አንድ ሊትር የሚይዝ ነው እንበል። በደኅና የደረቀና የተበጠረ ስንዴ እስከ አፉ ተሞልቶ ሲመዘን 770 ግራም ያህል ይሆናል። ከነገለባው ያለ ገብስ ሲሞላበት ግን ክብደቱ 620 ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በአርሲ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ የአሜሪካ እህል ነጋዴዎች ቡሽል በሚሉት አንድ መስፈሪያ 60 ፓውንድ ስንዴ፥ 48 ፓውንድ ገብስ፥ 32 ፓውንድ አጃ ብለው የሚያስቡት ስለዚሁ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣውም የእህሉ ልብስና ቅርጹ ነው። በስንዴም ቢሆን ከጣሳው ውስጥ አርባ በመቶ ያህሉ በቅንጣትና በቅንጣት መካከል ያለ አየር ነው፤ ገብስ ደግሞ በላዩ የተጣበቀው ልባስ ሻካራና ቀላል ስለ ሆነ፥ ቅንጣቱ እንደ ስንዴ ተጠጋግቶ አይተኛም። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው፥ ልብሱን በቀላሉ የሚለቅ የገብስ ዓይነት፥ ከተፈተገ በኋላ በክብደቱ ወደ ስንዴ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው። በመከር ጊዜ ዝናብ የመታው ስንዴም እንደዚሁ ነው፤ ቅንጣቱ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ በጣሳ ሲሰፈር ክብደቱ ያንሳል። ባለሙያዎች የመቶ ሊትር ስንዴ ክብደት ስንት ኪሎ እንደ ሆነ መዝነው ከጥራቱ ምልክቶች አንዱ አድርገው ይቈጥሩታል፤ በአሰላ አጠገብ ባለው በቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማእከል የስንዴ ዘር ሲመረመርም ይህ ልክ የሚታይ ነገር ነው።

እንግዲህ ይህ የ150 ግራም ልዩነት በአንድ ጣሳ ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በግምጃ ቤት ግን ትንሽ አይደለም። አንድ የግምጃ ቤት ሹም አንድ ኩንታል ስንዴ ተረክቦ በሊትር ጣሳው ቢያወጣው 130 ጣሳ ያህል ሆኖ ያልቅለታል። ይህንም አይቶ በመዝገቡ ላይ አንድ ኩንታል እህል 130 ጣሳ ነው ብሎ ጻፈ እንበል። በሚቀጥለው ወር የመጣው ገብስ ቢሆን፥ ለ130 ሰው አንዳንድ ጣሳ ሰጥቶ ኩንታሉን ወጪ ያደርጋል፤ በጆንያው ውስጥ ግን 19 ኪሎ ያህል ይቀራል። ማንም ሳይሰርቅ በላተኛው ከቀለቡ አምስተኛ እጅ የሚያህል ተጐደለበት፤ በመዝገብ ያልተጻፈ እህልም በግምጃ ቤቱ ተገኘ። መዝገብ የሌለው እህል ደግሞ ብዙ ቀን በስፍራው እንደማይቈይ ሹማምንት ሁሉ ያውቃሉ።

ነገሩ ቢገለበጥ የባሰ ነው። ሹሙ ልኩን የወሰደው በገብስ ቢሆን፥ አንድ ኩንታል 161 ጣሳ ነው ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ስንዴ ተረክቦ ለ161 ሰው ለማደል ሲነሣ፥ በ130ኛው ጣሳ ላይ ጆንያው ባዶ ይሆናል። ሂሳብ መርማሪው መጥቶ የ31 ጣሳ ጕድለት ሲያገኝ፥ አንድም ቅንጣት ያልነካው ሰው እንደ አጥፊ ተቈጥሮ ከደመወዙ ሊከፍል፥ አልፎም ሊከሰስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሹሙ የሚያቀርበው መከላከያ የለውም፤ ሁለቱንም ቍጥር በገዛ እጁ ጽፎአቸዋልና። መርማሪው ግን ጆንያውን ከመቍጠሩ በፊት፥ በመዝገቡ የተጻፈው የጣሳ ልክ በየትኛው እህል እንደ ተወሰደ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገለጥ ነበር።

እስከዚህ የተነገረው በእህሉ ዓይነት ስለሚመጣው ልዩነት ነው። የሰፋሪው እጅ የሚያመጣው ልዩነት ደግሞ ከዚህ አያንስም። በሉቃስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ስለ መልካም መስፈሪያ በተነገረው ቃል ውስጥ ሦስት ነገር ተለይቶ ይገኛል፤ መጫን፥ መነቅነቅና መትረፍረፍ። ይህን ያነበበ ካህን ስለ ቸርነት የተነገረ ምሳሌ መሆኑን ያስተውላል፤ በገበያ የዋለ ሰው ግን የእህል ሰፋሪን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነገር መሆኑንም ጨምሮ ያያል። እነዚህ ሦስቱ እያንዳንዳቸው በዚያው ዕቃ የሚገባውን ክብደት ይጨምራሉና። በአሰላ ገበያም ሻጭዋ እህሉን ከላይ ለቀቅ አድርጋ ብታፈሰው አንድ ልክ ነው፤ ጣሳውን መሬት ላይ መታ መታ ብታደርገው ሌላ ልክ ነው፤ በላዩ ቈልላ ምራቂ ብትጨምርበት ደግሞ ሌላ ነው። ሚዛን ላይ ግን ቢነቀነቅም ቢጫንም ኪሎው ያው ኪሎ ነው።

ይህ የእጅ ልዩነት ከእህል ይልቅ በዱቄት ላይ ይጠነክራል። ተነፍቶ በቀስታ የተጨመረ የስንዴ ዱቄት በሊትር 500 ግራም ያህል ሲመዝን፥ ጣሳው ራሱ ወደ ዱቄቱ ገብቶ ተጭኖ ሲወጣ እስከ 630 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ አንዲት ሴት አምስት ጣሳ ዱቄት ብላ ድፎ ዳቦ ስታቦካ፥ ሌላይቱ በዚያው ጣሳ አምስት ብላ ብታቦካ፥ ዱቄታቸው ከግማሽ ኪሎ በላይ ሊለያይ ይችላል። የአንዲቱ ሊጥ ቀጠነ፥ የሌላይቱ ጠነከረ ሲባል ጥፋቱን በእርሾው ላይ ማሳበብ የተለመደ ነው፤ እርሾው ግን ምንም አላደረገም። ባለወፍጮዎችም ብዙ ጊዜ የሚወቀሱበት ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። አንድ ቍና እህል ተፈጭቶ ሲመለስ ዱቄቱ ከቍናው ተርፎ ሲታይ በረከት ነው ይባላል፤ በጉዞ ተነቅንቆና ተጭኖ ጐድሎ ሲታይ ደግሞ ባለወፍጮው ወሰደ ይባላል። እህሉ ከመፈጨቱ በፊትና ከተፈጨ በኋላ ቢመዘን፥ የሚጐድለው በድንጋዩ ላይ የሚቀረውና ብን ብሎ የሚጠፋው ጥቂቱ ብቻ መሆኑ ይታያል።

ገብስ ለቆሎና ለበሶ ሲቈላም ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይደርስበታል። ውሃው ስለሚወጣ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ቅንጣቱ ስለሚነፋ ደግሞ ስፍራው ይሰፋል። ስለሆነም አንድ ጣሳ ቆሎ ከአንድ ጣሳ ጥሬ ገብስ በጣም ይቀላል፤ ቆሎን በሲኒ የሚገዛ ሰው የገዛው ብዙ አየር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በብቅልም ዘንድ እንዲሁ ነው። በአሰላ የብቅል ፋብሪካ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1984 ከተቋቋመ ጀምሮ የአርሲ ገበሬ ገብሱ በኪሎና በእርጥበት ልክ እየተመረመረ ሲገዛ አይቶአል፤ ከመቶ ኪሎ ገብስም የሚወጣው ብቅል ሰማንያ ኪሎ ያህል ነው። ሊትሩ ደግሞ ከ500 እስከ 550 ግራም ብቻ ስለሚመዝን፥ ጠላ ጠማቂዋ ሁለት ጣሳ ገብስ በሁለት ጣሳ ብቅል ልተካ ብትል ሂሳቧ አይገጥምም።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የእናቶችን ስፍር እንደ ድንቍርና ቈጥሮ እንዳይንቀው ያስፈልጋል። ለቂንጬ አንድ ጣሳ ክክ ለሦስት ጣሳ ውሃ የምትል ሴት አልተሳሳተችም። ጣሳው ትልቅም ይሁን ትንሽ፥ በአንዱ ዕቃ ሁለቱንም እስከ ሰፈረች ድረስ ንጽጽሩ አይፋለስም። ስሕተቱ የሚገባው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ወደ ኪሎ ሲዛወር ነው። አንድ ኪሎ ክክ ለሦስት ሊትር ውሃ ብሎ የጻፈ ጸሐፊ የሴቲቱን ቃል የተረጐመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ክክ ከአንድ ሊትር የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ ውሃውን አሳንሶባታል። በአሰላ ይህ ጕድለት ይብሳል፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፥ ቂንጬው በእሳት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቈያል፥ በእንፋሎት የሚሄደውም ውሃ ይበዛል።

ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን የቆሙት ትናንት አይደለም። በድሮ ዘመን ወርቅና ዝባድ በወቄት ይመዘን ነበር፤ አንድ ማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን ገበያተኛው ብሩን እንደ ሚዛን ድንጋይ ይገለገልበት ነበር። ቡናም በፈረሱላ ይመዘን ነበር፤ ዛሬም በቡና ንግድ 17 ኪሎ ፈረሱላ ይባላል። እህል ግን የቍናና የዳውላ ነበር። በብዙ አገር ሃያ ቍና አንድ ዳውላ ተብሎ ቢቈጠርም፥ ቍናው ራሱ ከሣር የሚሰፋ በመሆኑ ከአገር ወደ አገር፥ ከገበያም ወደ ገበያ ልኩ ይለያይ ነበር። ግብር የሚቀበለውና ግብር የሚከፍለው በአንድ ቍና ካልተስማሙ ክርክሩ ስለ እህሉ ብዛት ሳይሆን ስለ ቍናው ስፋት ይሆን ነበር።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1963 በኢትዮጵያ የሜትር ሥርዓት በአዋጅ ጸና። ወደ አርሲ ገበሬ ደጃፍ ኪሎ በሰፊው የገባው ግን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ በምሕፃሩ ካዱ የተባለው፥ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1967 አሰላ ላይ ከተቋቋመ በኋላ ነው። ድርጅቱ የእህል መግዣ ጣቢያዎችን ከፍቶ ስንዴን በኩንታል ይገዛ፥ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያንም በኪሎ ያድል ነበር። የገበሬው ሚስት ግን በቤቷ ያንኑ እህል በጣሳ መስፈሯን አልተወችም፤ የምትተውበትም ምክንያት አልነበራትም፤ ሚዛን በየቤቱ አልነበረምና። ስለዚህ በበሩ በኩል ኪሎ፥ በጓዳው በኩል ጣሳ ሆኖ እስከ ዛሬ ቀርቶአል።

ኪሎና ሊትር ግን ከጥንት ጀምሮ ዝምድና አላቸው። በ1795 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ግራምን የወሰነው በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ንጹሕ ውሃ ክብደት ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያ በኋላ ኪሎ በብረት ናሙና ተጠብቆ ኖረ፤ በ2019 ደግሞ የብረቱ ናሙና ቀርቶ በፍጥረት ሕግ በማይለወጥ ቍጥር ተወሰነ። ለወጥ ቤት ግን የመጀመሪያው ዝምድና ይበቃል፤ ውሃ የማንኛውንም ዕቃ ልክ ሊናገር ይችላልና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህ እኩልነት ከውሃ አልፎ ለሁሉ የሚሆን መስሎት ነው።

እንግዲህ በግምጃ ቤት ወይም በደብር የማኅበሩን ቀለብ የሚጠብቅ መጋቢ ሥራውን እንዲህ አድርጎ ሊጀምር ይችላል። ጣሳውን ባዶውን ይመዝናል፤ 110 ግራም ሆነ እንበል። ውሃ እስከ አፉ ሞልቶ ይመዝናል፤ 1,050 ግራም ሆነ። ባዶው ሲቀነስ 940 ይቀራል፤ እንግዲያው ሊትር ሲባል የኖረው ጣሳ ከሊትር 60 እጅ ከሺህ ይጐድላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጣሳውን አድርቆ በዚያ ወር የመጣውን ስንዴ ይሞላበታል፤ አፉን በቀጥ ያለ እንጨት ጠርጎ፥ ሳይመታና ሳይነቀንቅ ሦስት ጊዜ ይመዝናል። የጣሳው ክብደት ተቀንሶ 718፥ 730ና 724 ግራም ቢያገኝ መካከሉ 724 ነው፤ ኩንታሉም 138 ጣሳ ይሆናል። ይህን ቍጥር ከእህሉ ስምና ከቀኑ ጋር በወረቀት ጽፎ በግምጃ ቤቱ በር ውስጥ ይሰቅለዋል። ሌላ እህል ሲመጣ፥ ያው እህልም ቢሆን ከሌላ አገር ሲመጣ፥ ወረቀቱ ይለወጣል። ለዚህ ሥራ የሚበቃው ጊዜ ሩብ ሰዓት ነው፤ ለአንድ ጕድለት ማብራሪያ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን ከዚያ ይልቅ ይረዝማል።

ስለ ፈሳሽ ነገር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ ሊትሩ 920 ግራም ያህል ስለ ሆነ ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ዘይት 18 ኪሎ ከ400 ግራም ነው እንጂ ሃያ ኪሎ አይደለም። የቀለጠ ቅቤም ለዚሁ ይቀርባል። ማር ግን ከውሃ በጣም ይከብዳል፤ ሊትሩ አንድ ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በዚያው ጀሪካን የተሞላ ማር ወደ 28 ኪሎ ይደርሳል። የጠጅ ጣይዎች ልማድ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ነው ሲባል በአንድ ዕቃ የተሰፈረ ማለት ነው። ማሩን በኪሎ ገዝቶ ለአንዱ ኪሎ ሦስት ሊትር ውሃ የጨመረ ሰው፥ አንድ ኪሎ ማር ከሊትር ሦስት አራተኛ እንኳ ስለማይሞላ፥ የበጠበጠው አንድ ለአራት አልፎ ነው። ጠጁ ቀጥኖ ሲገኝ ማሩ ስኳር ገብቶበታል ተብሎ ንብ አርቢው ይታማል። በእርግጥ ስኳር የሚቀላቅልም አይጠፋም፤ ነገር ግን ሐሜቱ ከመነሣቱ በፊት ሂሳቡን ማየት ይሻላል።

ይህ ችግር ባሕር ተሻግሮ ከሄደው ኢትዮጵያዊም ጋር አብሮ ተጕዞአል። በአሜሪካ የወጥ ቤት መጻሕፍት ልካቸውን የሚሰጡት በኩባያና በማንኪያ ነው፤ በቦስቶን የምግብ ትምህርት ቤት የነበረችው ፋኒ ፋርመር በ1896 ባወጣችው መጽሐፍ ኩባያውም ማንኪያውም እስከ ጠርዙ ተስተካክሎ እንዲጠረግ ካስተማረች ወዲህ ሥርዓቱ እየጸና ሄደ። በአውሮፓ ግን ብዙዎቹ በግራም ይጽፋሉ። ኩባያው ራሱም አንድ አይደለም፤ የአሜሪካው 237 ሚሊሊትር ያህል፥ የአውስትራሊያው 250፥ የጃፓኑ 200 ነው። ማንኪያውም እንኳ የአሜሪካው 15 ሚሊሊትር ያህል ሲሆን የአውስትራሊያው 20 ነው።

ስለዚህ በሜልቦርን ያለች የአሰላ ልጅ ጭኮ ለመሥራት ፈልጋ እናቷን በስልክ ብትጠይቅ፥ እናትየዋም አራት ኩባያ የበሶ ዱቄት አንድ ኩባያ ለጋ ቅቤ ብላ ብትነግራት፥ ልጅቷ ዱቄቱን በአገሩ ኩባያ ሰፍራ ቅቤውን ከመደብር በታሸገ ግራም ስለምትገዛ፥ ጭኮው ይደርቅባታል ወይም ይቀልጥባታል። እናትየዋ የጓዳዋን ኩባያ ውሃ ሞልታ በሠፈሩ ባለሱቅ ሚዛን ላይ ብታስቀምጠው፥ ባዶውን ቀንሳ የሚቀረው ግራም የኩባያዋ ሚሊሊትር ነው፤ ከዚያም በዚያው ኩባያ በሶውንና ቅቤውን በየተራ ሞልታ ታስመዝናለች። ለልጅቷ የምትልክላት እነዚህን ሦስት ቍጥሮች ነው።